የጢስ መውጫ ታሪክ፤ ከሣር ጣራ እስከ ልብስ ማድረቂያ መኪና

የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ነገሥታት ሥራ፥ ስለ ጦርነትና ስለ ድል፥ ስለ ከተሞች መቈርቈርና ስለ መንግሥታት መውደቅ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ ከዕድሜው አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው በቤቱ ውስጥ ስለ ሆነ፥ የቤትም ታሪክ ታሪክ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም። ቤት እንደ ሰው ሁሉ ይተነፍሳል። ንጹሕ አየር በበሩና በመስኮቱ ይገባል፤ ጢሱ፥ እንፋሎቱና ትኩሱ አየር ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ክፍት ሲሆን ቤቱ ለነዋሪው ይመቻል፤ መውጫው ሲደፈን ግን ያው ቤት ባለቤቱን ይጐዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ መውጫ፥ ይልቁንም መውጫውን የመጥረግና የመጠበቅ ሥራ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ነው። ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን በአንድ የክረምት ወራት በወለጋ ያየነው ጕዳይ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን እርሱን እንናገራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ 331 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው አምቦንና ጉደርን፥ ጌዶንና ባኮን ካለፈ በኋላ ምሥራቅ ወለጋ ሲገባ የአኖን ከተማ በመንገዱ ላይ ያገኛል፤ ከዚያም በሲሬ በኩል አድርጎ ወደ ነቀምቴ ይዘልቃል። አገሩ ለምለም፥ በቆሎው የረዘመ፥ ዝናሙም የበዛ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሰማዩ እምብዛም አይገለጥም፤ የታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ቢሰነብት እንኳ እርጥበቱ አይለቀውም።

እኛም በዝናም ርሰን ከወለጋ ከተሞች በአንደኛው፥ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ የእንግዳ ማረፊያ አደርን። ቤቱ ከውጭ አገር የመጣ የልብስ ማድረቂያ መኪና ነበረው። ወጣቱ አስተናጋጅ ልብሳችንን ተቀብሎ መኪናውን አንድ ጊዜ አሠራው፤ ልብሱ አልደረቀም። ሁለተኛ ጊዜ አሠራው፤ ልብሱ ሞቀ እንጂ አልደረቀም። ሦስተኛ ጊዜ ሲያሠራው ክፍሉ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸት ጀመር። በዚህ ጊዜ በቤቱ በጽዳት ሥራ የሚያገለግሉ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሽታውን ሰምተው ፈጥነው ገቡና «አጥፋው ልጄ፥ አጥፋው!» አሉት። እርሱም «ምን ሆነ፥ ኣዴ?» ብሎ ቢጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡ መኪናው እስኪጠፋና እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያም ከኋላው ያለውን ቱቦ አስነቅለው እጃቸውን ከተቱበትና ግራጫ መልክ ያለው፥ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ብናኝ ዕፍኝ ዕፍኝ እያወጡ መሬት ላይ ከመሩት።

ልጁ ተገርሞ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ። እርሳቸውም «ጥቀርሻ ነው እንጂ ምን ይሆናል! የእናትህን ቤት ጣራ አላየህምን? ጥቀርሻ ካልተራገፈ አንድ ቀን እሳት ይይዘዋል» ብለው መለሱለት።

በእውነቱ ከቱቦው የወጣው ብናኝ ከልብስ የረገፈ ክር እንጂ የጢስ ጥቀርሻ አልነበረም። ሆኖም የእናታችን ንግግር ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከአሳባችን አልጠፋም። መኪናው ባዕድ ቢሆንም አደጋው ለእርሳቸው ባዕድ አልነበረም። ከእሳት የሚወጣው ትንፋሽ በመንገዱ ላይ አንድ ነገር እየጣለ እንደሚሄድ፥ የተጣለውም ነገር ካልተነሣ ተመልሶ ለእሳት ማገዶ እንደሚሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ይህን ዕውቀት ከየት አገኙት? ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ አሮጌው ቤት መመለስ ያስፈልጋል።

ከጕዟችን ስንመለስ ከአኖ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት ዝናም አስጠልሎን ነበር። ቤቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፥ ጣራው በሣር የተከደነ ክብ ቤት ነው። በመካከሉ ሦስት ጕልቻ ቆሟል፤ ከጕልቻው በላይ በማገሩ ላይ ለዘር የተመረጠ በቆሎ ከነልባሱ ተንጠልጥሏል። በእሳቱ ዙሪያም የልጆች እርጥብ ልብስ በበርጩማና በእንጨት ላይ ተዘርግቶ እንፋሎቱ ከጢሱ ጋር ተደባልቆ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ለጢሱ የተለየ መውጫ አልተሠራለትም፤ ጣራው ሁሉ መውጫ ነው። ጢሱ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ሲወጣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቤቱ የሚተነፍስ ይመስለዋል። በወለጋ ኦሮምኛ ጢስ «ኣራ» ይባላል፤ «ኣራ ገልፊ» ሲባል ደግሞ ዕረፍት፥ ከድካም በኋላ ትንፋሽ ማግኘት ማለት ነው። ቤትም ሰውም ዕረፍት የሚያገኙት ሲተነፍሱ መሆኑን ቋንቋው ራሱ የሚያስታውሰን ይመስላል።

አባቶቻችን ጢስን በቤት ውስጥ መታገሣቸው ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ጢሱ የጣራውን ሣርና ማገሩን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ከጕልቻው በላይ የተሰቀለውን ዘር ለሚቀጥለው የእርሻ ወራት ያደርሳል፤ ትንኙን ያባርራል፤ በክረምት የልጆችን ልብስ ያደርቃል። በአንጻሩም ዐይንን ያስለቅሳል፥ ደረትን ያስላል፥ ልብሱንም ያሸታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ወደ ጣራው እየወጣ ጥቀርሻ ይጥላል። ጥቀርሻ ያልተቃጠለ የማገዶ ቅሪት ነው፤ በውስጡ የከሰል ዱቄትና ቅጥራን አለበት። ስለዚህ የእሳት ፍንጣሪ ሲደርስበት በቀላሉ ይያያዛል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ደግሞ ደረቅ ሣር ነው።

ይህን አደጋ ለመከላከል ቤት ለበዓል በሚጸዳበት ጊዜ በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ቅጠል ወይም ጭራሮ ታስሮ ከጣራው የተንጠለጠለው ጥቀርሻ ይራገፋል። ሥራው የሴቶችና የልጆች ነው። ደመወዝ የለውም፥ የሙያ ስምም አልተሰጠውም፤ ነገር ግን ቤትን ከቃጠሎ የሚያድን ሥራ ነበር። እኒያ እናት በማረፊያው ቤት የተናገሩት ከዚህ ልማድ የተገኘ ዕውቀት መሆኑን የምንረዳው በዚህ ነው።

ስለ ልብስ ከተነሣ ዘንድ የአጠባውንም ነገር ባጭሩ መጥቀስ ይገባል። ሳሙና በገበያ ከመብዛቱ በፊት በአገራችን ብዙ ቦታ ልብስ የሚታጠበው በወንዝ ዳር፥ በእንዶድ ፍሬ ነበር። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ የእንዶድን ፍሬ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥፋት የሚረዳ መሆኑን በምርምር ገለጡ። ብዙ ዘመን እንደ ተራ ሥራ ሲታይ የኖረው የልብስ አጠባ ለሳይንስ ትልቅ ነገር አስተማረ። ልብስ ማድረቅና የማድረቂያውን መውጫ መጥረግም እንዲሁ ንቀት የማይገባው ሥራ መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን።

በመኳንንትና በነገሥታት ግቢ የነበረው ሥርዓት ከባላገሩ ቤት የተለየ ነበር። በዚያ እልፍኙና አዳራሹ ከወጥ ቤቱና ከእንጀራ ቤቱ ተለይተው ይሠሩ ነበር። ጢስ የሚበዛበትን ሥራ ከመኖሪያው ማራቅ ለክብርም ለጤናም ይጠቅማል። በነቀምቴ ዛሬ በቅርስነት የሚጠበቀውን፥ ከእንጨት የተሠራውን የኩምሳ ሞረዳን ግቢ የጐበኘ ሰው እንዲህ ያለው ግቢ ብዙ ቤቶችን በአንድ አጥር ውስጥ የያዘ መሆኑን ይመለከታል። ይሁን እንጂ ጢሱ ከጌታው እልፍኝ ተለየ እንጂ ከእንጀራ ጋጋሪዎቹ ዐይን አልተለየም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቆርቆሮ ጋር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ወደ መካከለኛው አገር በብዛት መግባት ቻለ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ለቤት ሥራ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት በየስፍራው አበዛ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ፥ ቀስ በቀስም በየአውራጃው ከተሞች የቆርቆሮ ክዳን የሣሩን ቦታ እየወሰደ ሄደ። ዛሬ በነቀምቴም ሆነ በአኖ፥ በባኮም ሆነ በሲሬ መንገድ ዳር የሚታየው ጣራ በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው።

ቆርቆሮ ብዙ በጎ ነገር አለው። በየጥቂቱ ዓመት መክደን አያስፈልገውም፤ ፍንጣሪ ቢያርፍበት አይቃጠልም፤ ዝናምም በቀላሉ አያሳልፍም። ነገር ግን አይተነፍስም። በሣሩ መካከል ሲወጣ የነበረው ጢስ ቆርቆሮው ሲመልሰው በግድግዳውና በጣራው መካከል ባለው ክፍተት ወይም በበሩ በኩል መውጣት ግድ ሆነበት። የከተማው ሰው ይህን ባየ ጊዜ ምድጃውን ከመኖሪያው አውጥቶ በጓሮ ትንሽ ማድ ቤት ሠራለት። መኖሪያው ነጻ፤ ግድግዳውም ነጭ ሆነ። እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ግን ከጢሱ ጋር ወደ ጓሮው ሄዱ። ጣራውን ስንለውጥ የጣራውን ሁለተኛ ሥራ፥ ጢስ ማውጣቱን፥ ለማን እንደ ተውነው አላሰብንም።

የዚህ ነገር ክብደት በቍጥር ሲታይ ያስደነግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፥ በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስና በመሳሰለው የተበከለ አየር ምክንያት በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። በአገራችንም አብዛኛው ቤተ ሰብ እስከ ዛሬ የሚያበስለው በእንጨት፥ በከሰልና በኵበት ነው።

ይህን ለማሻሻል በአገራችን የተደረገው ጥረት ሊታወስ ይገባል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በመንግሥት የኃይል ምርምር ባለሙያዎች ተሠርቶ ቀረበ። ይህ ምድጃ እሳቱን በዙሪያው ስለሚከብበው ከሦስት ጕልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል። በኋላም ጢሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ዓይነት ተጨመረለት። ነገር ግን ቱቦ በገባበት ቤት ሁሉ አዲስ ግዴታ አብሮ ይገባል። በሰፊው ጣራ ላይ ይበተን የነበረው ጥቀርሻ አሁን በአንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይከማቻል። ቱቦው በየጊዜው ካልተጠረገ ጢሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ባለቤቲቱም «ይህስ ምድጃ አይረባም» ብላ ወደ ጕልቻዋ ትመለሳለች። በዚህ ጊዜ የጐደለው ዕቃው ሳይሆን ጥበቃው ነው።

ጢስን በቱቦ ማውጣት በሌላው ዓለም ረዥም ታሪክ አለው። ከዚያ ታሪክ የምንቀስመው ትምህርት ስላለ ለጥቂት ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። በ1666 ለንደን በታላቅ ቃጠሎ ከተበላች በኋላ ከተማይቱ በጡብና በድንጋይ ታነጸች። በየቤቱም የድንጋይ ከሰል የሚነድባቸው ምድጃዎች በዙ፤ የጢስ መውጫዎቻቸውም ጠባብና ጠመዝማዛ ነበሩ። አዋቂ ሰው ሊገባባቸው ስለማይችል ጠራጊዎቹ ትናንሽ የድኻ ልጆችን እየቀጠሩ በውስጣቸው ያስወጧቸው ጀመር። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ነበሩ። ብዙዎቹ ጕልበታቸውና ክርናቸው ተላጠ፥ ታፍነው የሞቱም ነበሩ። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ሐኪም የጢስ መውጫ ጠራጊዎችን የሚያጠቃ የነቀርሳ በሽታ ከጥቀርሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጠ። አንድ ነቀርሳ ከአንድ ሙያ ጋር ግንኙነት እንዳለው ከተገለጠባቸው የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው።

የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1788 ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለዚህ ሥራ እንዳይቀጠር ደነገገ፤ በ1834 ዕድሜውን ከፍ አደረገ፤ በ1840 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ማንም ሰው በጢስ መውጫ ውስጥ እንዳይወጣ ከለከለ። ሕጉ ግን አስፈጻሚ ስላልነበረው በወረቀት ላይ ቀረ። ከዚያ በፊትም መፍትሔ የሚሆን መሣሪያ አልጠፋም ነበር። በ1803 ጆርጅ ስማርት የተባለ ሰው እርስ በርሳቸው በሚቀጣጠሉ ዘንጎች ጫፍ ላይ ብሩሽ የታሰረበት መጥረጊያ ሠርቶ ነበር፤ በ1828ም ጆሴፍ ግላስ አሻሻለው። ብዙ ጌቶች ግን ልጅ ከብሩሽ ይረክሳል ብለው መሣሪያውን ናቁት። በመጨረሻ በ1875 ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ በአንድ ሆስፒታል የጢስ መውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተ። የእርሱ ሞት ሕዝቡን አስቈጣ፤ በዚያው ዓመት ጠራጊ ሁሉ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ልጆችም ከዚህ መከራ ዳኑ። መውጫን መጥረግ የተከበረ ሙያ የሆነው እንዲህ ብዙ ዋጋ ከተከፈለበት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ልብስ ማድረቂያው እንመለስ። በ1800 ገደማ ፖሾን የተባለ ፈረንሳዊ በዙሪያው የተበሳሳ፥ በእጅ የሚዞር በርሜል ሠርቶ እርጥብ ልብስ ከጨመረበት በኋላ በእሳት ላይ ያዞረው ነበር። ልብሱ ይደርቃል፤ ነገር ግን ጢስ ጢስ ይሸታል፥ ጥላሸትም ይነካዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይቃጠላል። በ1892 ጆርጅ ሳምሶን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ከምድጃ በሚወጣ ሙቀት ልብስ የሚያደርቅ መደርደሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብት ተቀበለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ በአኖ አጠገብ በእሳቱ ዙሪያ ተዘርግቶ ካየነው የልጆች ልብስ ጋር በአሳብ አንድ ነው። ሁሉም ከእሳት ሙቀቱን ወስዶ ጢሱን ለማስቀረት የተደረገ ሙከራ ነው።

ችግሩ የተቃለለው ኤሌክትሪክና ጋዝ ከመጡ በኋላ ነው። በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ይኖር የነበረው ሮስ ሙር በብርዱ ወራት እናቱ ልብስ ከቤት ውጭ ስታሰጣ ማየቱ አሳዝኖት ብዙ ዓመት ደክሞ ማድረቂያ መኪና ሠራ፤ ሐሚልተን የተባለው ፋብሪካም በ1938 ለገበያ አቀረበው። በዚህ መኪና ውስጥ በርሜሉ ልብሱን እያዞረ ይጥለዋል፤ ትኩስ አየር በልብሱ መካከል ያልፍና እርጥበቱን ተሸክሞ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። ጢስ የለም፤ ጥላሸትም የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጠረግ ነገርም የለም ብሎ ያስባል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልብስ በሚዞርበትና በሚፋተግበት ጊዜ ከክሩ ጥቂት ጥቂት ይረግፋል። ከዚህ ብናኝ አብዛኛው በመኪናው ወንፊት ይያዛል፤ የቀረው ከእርጥቡ አየር ጋር ወደ ቱቦው ይገባና በመታጠፊያው ላይ እየተለጠፈ ይከማቻል። መንገዱ ሲጠብ አየሩ ይዘገያል፤ አየሩ ሲዘገይ ልብሱ ሳይደርቅ ይቈያል፥ መኪናውም ከልክ በላይ ይግላል። ደረቅ የክር ብናኝ ደግሞ እንደ ጭድ ፈጥኖ የሚያያዝ ነገር ነው። መኪናው በጋዝ የሚሠራ ከሆነም መውጫው ሲደፈን ሽታ የሌለው መርዛም አየር ወደ ቤት ሊመለስና የተኛውን ሰው ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ያለውን ጊዜ መርምሮ በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ ወደ 2900 የሚደርስ ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ መኪና እንደ ተነሣ ገልጧል። ከታወቁት ምክንያቶች ዋነኛው የመኪናው ብልሽት ሳይሆን ሳይጸዳ መቅረቱ ነበር።

በዚያ አገር ይህን ቱቦ መጥረግ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የሚያስገርመውም ለጢስ መውጫ ጠራጊዎች የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የአሜሪካ ተቋም ለማድረቂያ መኪና ቱቦ ጠራጊዎችም ለብቻው የምስክር ወረቀት መስጠቱ ነው። ከመሣሪያዎቻቸው ዋናው ደግሞ በተቀጣጣይ ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ ብሩሽ ነው። ይህም በአሳቡ የእንግሊዝን ልጆች ሊያድን በ1803 የተሠራው፥ የለንደን ጌቶችም የናቁት መሣሪያ ነው። በአኖ ገጠር በረዥም እንጨት ላይ ከሚታሰረው ቅጠልም በአሳብ አይለይም። ጥቀርሻውን ከብናኙ ጋር አንድ ያደረጉት እናት በአንድ ቃል የተናገሩትን የዓለም የሙያ ታሪክ በሁለት መቶ ዓመት አረጋግጦላቸዋል ማለት ነው።

ይህ ነገር የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አለመሆኑን ማስገንዘብ እንወዳለን። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ይህን መኪና በየቤታቸው ይጠቀሙበታል፤ ከእነርሱም በጢስ ቤት ያደጉና የጢስን ጠባይ የሚያውቁ አሉ። በአገራችንም በሆቴሎች፥ በሆስፒታሎች፥ በልብስ ንጽሕና መስጫ ቤቶችና በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች መኪናው ይሠራል። ኤሌክትሪክ በተስፋፋ መጠን፥ ዝናም በሚበዛበት በወለጋ ከተሞችም ቍጥሩ እንደሚጨምር መገመት አያስቸግርም። ሣሩን በቆርቆሮ ስንለውጥ የሠራነውን ስሕተት፥ ማለት ዕቃውን ተቀብሎ ጥበቃውን መተውን፥ እንዳንደግመው ያስፈልጋል።

የጥበቃው ሥራ አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ የመኪናው ወንፊት ልብስ በደረቀ ቍጥር መጥራት አለበት። ሁለተኛ፥ ቱቦው ከመኪናው እስከ ውጭ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ሥራ በሚበዛበት ሆቴልና ሆስፒታል ደግሞ ከዚያ ቀረብ ባለ ጊዜ፥ መኪናው ከመብራት ተነቅሎ መጠረግ ይገባዋል። ሦስተኛ፥ ቱቦው ከፕላስቲክ ሳይሆን ውስጡ ልስልስ ከሆነ ብረት ይሠራ፤ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። በአሜሪካ የቤት ሥራ ደንብ መሠረት ርዝመቱ ከ10 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ለእያንዳንዱም የማዕዘን መታጠፊያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይቀነስበታል። አራተኛ፥ መውጫው ከቤት ውጭ እንጂ ወደ ኮርኒስ ወይም ወደ ጓዳ አይሁን፤ አፉም ወፍ እንዳይጎጆበት ክዳን ይኑረው እንጂ ብናኝ የሚይዝ ጥልፍልፍ ሽቦ አይደረግበት። ቱቦ የሌላቸውና ውኃውን በዕቃ የሚያጠራቅሙ መኪናዎችም ቢሆኑ ወንፊታቸው ሳይጸዳ ሊሠሩ አይገባም።

ምልክቶቹንም ማወቅ ቀላል ነው። ልብስ በአንድ ጊዜ ሥራ አልደርቅ ሲል፥ የመኪናው ገላ ከልክ በላይ ሲግል፥ ክፍሉ በእንፋሎት ሲሞላ ወይም የተቃጠለ ሲሸት፥ ከውጭ በቱቦው አፍ የሚወጣው አየር ሲደክም፥ መውጫው መደፈኑን ያስታውቃል። ያን ጊዜ የሚገባው መኪናውን ሁለተኛና ሦስተኛ ማሠራት ሳይሆን ማጥፋት ነው። ፀሐይ በወጣች ቀን ደግሞ ልብስን በገመድ ላይ ማስጣት ዋጋ የማይጠይቅ፥ ቃጠሎም የሌለበት ጥበብ መሆኑ አይረሳ።

የሥራ ኃላፊዎች ቤት ሲሠራ መውጫው ለጠራጊ የሚመች መሆኑን ቢመረምሩ፥ መምህራን ስለ እሳት ሲያስተምሩ ስለ እሳት ትንፋሽም ቢያክሉበት፥ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ይህን ሥራ ሳይንቁ ቢማሩት፥ ለአገር የሚሰጡት ጥቅም ትንሽ አይደለም። ማድ ቤት ውስጥ ሕፃን ያዘለችው እናት ምድጃዋ ቱቦ ያለው ቢሆን፥ ቱቦውም በየጊዜው የሚጠርግላት ባለሙያ ቢያገኝ፥ የሕፃኑ ደረት ከብዙ ሳል ይድናል። እንግሊዞች ሕጋቸውን ለማጽናት የአንድ ልጅ ሞት አስፈለጋቸው፤ እኛ የሌላውን አይተን መማር እንችላለን።

በማረፊያው ቤት ያን ዕለት ልብሳችን የደረቀው ቱቦው ከተጠረገ በኋላ በአንድ ጊዜ ሥራ ነበር። ወጣቱ አስተናጋጅ የተከመረውን ብናኝ ጠርጎ ሲያወጣ እናታችን በበሩ ቆመው «ከእንግዲህ በየሳምንቱ አንተው ታየዋለህ» ሲሉት፥ እርሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ፥ ኣዴ» አላቸው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉትን እርሳቸው በተግባር አስተማሩት። ዕውቀቱ በአገር ውስጥ፥ በየእናቶቻችን ቤት አለ። የሚቀረው ከጣራው ወደ ቱቦው እንዲሻገር ማድረግና ለሚሠራው ሰው የሚገባውን የሙያ ክብር መስጠት ነው።